ማስቶራ ስቴርጊዮስና እኔ የጋገርኩት መብራት

ማስቶራ ስቴርጊዮስ (የእጅ ባለሙያን «ማስቶራ» ነው የምንለው) የመኪና የፊት መብራት ሲመረምሩ መጀመሪያ ካቻቢቴ አያነሡም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ በመስታወቱ ላይ ረጅምና ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይለቃሉ። ትንፋሹ ከውጭ በኩል ጉም ይሠራል። ያ ጉም ለቆ ሲሄድ ከሥሩ ሌላ ጉም ከቀረ፣ እሱ የውስጥ ነው ማለት ነው።

«የውጭው የእኔ ነው፣» ይላሉ ለባለመኪናው። «የውስጡ ያንተ።»

በሰሜን ግሪክ ባለችው በያኒና ከተማ እንዲህ ላለ ሰው ሥራ አይጠፋም። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ መጋቢት ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ እንደ ከተማው ነዋሪ በየመንገዱ ይዘዋወራል። ጨው በዕቃው ውስጥ ይደድራል፤ ፎጣ በሦስት ቀን አይደርቅም፤ የመኪና መብራትም ውሃ ይቋጥራል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስኖር ደርቆ ያየሁት ነገር ቢኖር የራሴን ትምህርት ብቻ ነው። የጥንት ግሪክኛ ሰዋስው አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ።

ማስቶራ ስቴርጊዮስ መብራት ጠጋኝ ሆነው አልተነሡም። ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በከተማው አሮጌ ግንብ ሥር ባሉት ጠባብ መንገዶች ብር አንጥረኛ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት የቀበቶ ዘለበት፣ የቤተ ክርስቲያን ቀንዲል፣ የሙሽራ አምባር ሠርተዋል። ከዚያ በማሽን የተመታ ብር መጣና በእጅ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈታ። መጨረሻ የሠሩት ጽና እንደነበር ነግረውኛል። ያዘዙት ቄስ ተቀብለው ካገላበጡት በኋላ፣ «በጣም ያምራል፣ ግን በማሽን ቢሆን ኖሮ በዚሁ ዋጋ ሁለት ይገኝ ነበር» አሏቸው። ማስቶራ ያን ቀን መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤት ሄዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአጎታቸው ልጅ ከጀርመን ያመጣት አሮጌ መኪና የፊት መብራቷ ተሰብሮ ግቢያቸው ውስጥ ቆመች። ማስቶራ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው የመብራቱን ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን ፖሊክሴኒን ጠሩና፣ «ነይ እዪ፤ ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው። የብር ጎድጓዳ ሳህን በመስታወት ተከድኖ» አሏት። በሳምንቱ ከሐይቁ ዳር ጠባብ ሱቅ ተከራዩ። የስም ሰሌዳ አልሰቀሉም። በሩ ላይ አንድ አሮጌ የመኪና መብራት በሽቦ አንጠለጠሉ፤ ያ በቂ ሆነ። ከአንጥረኝነት ያመጡትም አንድ ሕግ ነበር፦ የሚያበራውን ገጽ በጣት አለመንካት። የጣት ወዝ ለዓመታት አይለቅም ይላሉ። ለዚህ ነው ነጭ የጥጥ ጓንት አድርገው የሚሠሩት፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ለቅዳሴ የሚዘጋጁ ይመስላሉ።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘን የአባቴ መኪና ነው።

አባቴ ባለፈው ዓመት በኅዳር ሞተ። የተወልን ጥቁር አረንጓዴ መኪና ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። የእህቴ ባል ኖንዳስ አዲስና ትልቅ መኪና አለው፤ የአባቴን መኪና ባየ ቁጥር ለታመመ ዘመድ እንደሚደረገው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናቴ፣ «ወደ መንደሩ የምሄደው በእሱ መኪና ነው» አለች። ኖንዳስ አልተቃወመም። ብቻ፣ «እሺ እማዬ፣ ዓመታዊ ምርመራውን ካለፈች በእሷ ሂዱ። ካላለፈች ግን በእኔ ትሄዳላችሁ፤ ሰኞ ደግሞ የቁርጥራጭ ብረት ሰዎች መጥተው ይውሰዷት» አለ። እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ። በልቤ ግን አባቴን ሁለተኛ ጊዜ እንድቀብር እንደተጠየቅኩ ነው የተሰማኝ።

አባቴ በቆመበት ሁሉ ከመኪናው ወርዶ የግራውን መብራት በእጅጌው ይወለውል፣ ከዚያ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያየው ነበር። ለዓመታት ይህን ሲያደርግ ሳየው ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። መጠየቅ የነበረብኝን ነገር ሁሉ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የማስታውሰው።

ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ወደ ምርመራው ወሰድኳት። ፍሬኑ አለፈ፣ ጭሱ አለፈ፣ ጎማው አለፈ። መርማሪዋ ከመኪናው ፊት ቆማ መብራት ያብሩ አለችኝ፤ አበራሁ፤ ወደ ግራው ጎንበስ አለች።

«ጌታዬ፣ ግራው ውስጥ ውሃ ቆሟል።»

«ትንሽ እርጥበት ነው።»

«እርጥበትማ አውቃለሁ። ይሄ ሲነዱ ይንቦጫረቃል። ዓሣ ነው የሚያረቡበት?» የብርሃን መለኪያውን ሰሌዳ ወደ እኔ አዞረች። «ደግሞ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ ሰማይ ላይ ነው የሚሄደው። አሠርተው ይመለሱ። ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነን።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ባለፈው መጋቢት በዚያ መብራት ውስጥ ጉም አይቼ ነበር። የተማረ ሰው እንደመሆኔ ምክንያቱን አሰብኩ፤ ውሃ የሚገባው በቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳ መደፈን አለበት። ማሸጊያ ሲሊኮን ገዛሁና በመብራቱ ዙሪያ ቀዳዳ የሚመስለውን ሁሉ ደፈንኩ። ከጀርባው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ፋብሪካው የረሳቸው መሰሉኝ። ስንትና ስንት መሐንዲስ አስቦበት ክፍት የተወውን እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘጋሁት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ በጣቴ አለሰለስኩት።

ያንኑ ሐሙስ ማስቶራ ስቴርጊዮስ ሱቅ ሄድኩ። ተነፈሱበት፤ ጉማቸው ሄደ፣ የእኔው ቀረ። መብራቱን ነቅለው አገላበጡት። ከጀርባው ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄን ማነው የደፈነው?»

«የድሮው መካኒካችን ይመስለኛል።»

«ማን ይባላል?»

«ሞቷል፣» አልኩ።

ማስቶራ ጓንታቸውን አውልቀው አማተቡ። «ነፍሱን ይማር፣» አሉ። በሕይወቴ አንድ ሰው ፈጥሬ በአንድ ቃል የገደልኩት ያን ቀን ነው።

«ስማኝ መምህር፣» አሉ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠውን ሁሉ መምህር ነው የሚሉት፤ እንደ ማዕረግም እንደ ወቀሳም ይጠቀሙበታል። «መብራት ይተነፍሳል። አምፖሉ ሲሞቅ አየሩ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይገባል። እርጥበት ቢገባም በዚያው መንገድ ይወጣል። ሟቹ ግን አፍና አፍንጫውን ይዞ አፍኖታል። ውሃው በስንጥቅ ገብቶ መውጫ አጣ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መክፈት ነው። መስታወቱ ከፕላስቲክ ሥጋው ጋር በማስቲሽ ነው የተያያዘው። ማስቲሹ በሙቀት ይላላል። ምድጃ ውስጥ እናስገባውና ቀስ ብለን እንፈለቅቀዋለን። የእኔ ምድጃ ግን ትናንት ተቃጥሏል፤ መለዋወጫው ሰኞ ነው የሚመጣው።»

«ሰኞ አይሆንም ማስቶራ። እሑድ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። ቅዳሜ ካላለፈች ሰኞ ለቁርጥራጭ ነው የምትሄደው። የቤትዎ ምድጃስ?»

«ፖሊክሴኒ አንዴ ፈቅዳልኝ ነበር። ሁለተኛ ስጠይቃት አንተም አብረህ ግባ አለችኝ።»

መብራቱን በእጄ ሰጡኝ። ሌላም የሚነግሩኝ ነገር ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ምድጃ የሚለውን ቃል ይዤ ወጥቼ ነበር። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ካላነበበ ተማሪ ነጥብ የምቀንስ ሰው ነኝ።

እኔ ቤት ምድጃ የለም። ከፍቺ ወዲህ የምኖረው ባለ ሁለት ፕሌት ትንሽ ስቶቭ ነው። የእናቴ ምድጃ ደግሞ ለሙት ዓመቱ መሥዋዕት የሚሆነው ዳቦ የሚጋገርበት ስለሆነ ፕላስቲክ ማስገባት አይታሰብም። ዓርብን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ማታ ላይ መልሱ መጣልኝና በራሴ ብልህነት ተገርሜ ተኛሁ። የሰፈራችን ዳቦ ቤት ምድጃ አለ።

ቅዳሜና እሑድ የሰፈራችን ሰው የምሳውን ትሪ ወደ ቫሶ ዳቦ ቤት ይወስዳል። ዳቦው ወጥቶ ሲያልቅ በቀረው ሙቀት በግ ከድንች ጋር፣ ቲማቲም በሩዝ፣ ጎመን የታሸገበት ቂጣ ይበስላል። ቫሶ ለእያንዳንዱ ትሪ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ትሰጣለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የእናቴን ትሪ ተሸክሜ የተመላለስኩበት በር ነው። ቫሶ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች ናት፤ ስለዚህ ስለ እኔ የማታውቀው የለም፣ ያወቀችውንም አትረሳም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱን በእናቴ ትልቅ ትሪ ላይ አስተኛሁት፤ በፎይል ሸፈንኩት፤ ጠርዙን እንደ ሥርዓቱ አጠፍኩት። ከውጭ ለሚያየው ደህና በግ ይመስል ነበር።

«ምንድነው?» አለች ቫሶ።

«ጥብስ።»

«ሙት ዓመቱ ነገ አይደል እንዴ?»

«ለእንግዳ ነው።»

ትሪውን ተቀብላ በእጇ መዘነችው። «ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ይሄ እኮ ምንም አይከብድም። መረቅም የለው። እናትህ እጇ አጠረ እንዴ?»

«እሷን ተያት። ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ከምድጃው አፍ አካባቢ አድርጊው።»

«ጥብስ በሃያ ደቂቃ?»

«ግማሹ የበሰለ ነው።»

አምስተኛ ክፍል ሳለን በሐይቁ መሀል እስካለው ደሴት ድረስ እዋኛለሁ ባልኩ ጊዜ ባየችኝ ዓይን አየችኝ። ያኔ በጀልባ ነው ያወጡኝ። አሥራ አንድ ቁጥር ሰጠችኝ።

ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ የተራራ ሻይ አዘዝኩ። ኖንዳስ ይህን ቢያይ እያልኩ በልቤ ስኮራ፣ አንድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ የሆነ ሰው ጎማ እያቃጠለ መሰለኝ። እንዲያውም አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ሰው በሰፈር መሀል እንዲህ ያደርጋል?» አልኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቫሶ ዳቦ ማውጫውን እንደ ጦር ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አሥራ አንድ ቁጥር፣» አለች፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ እየሰማ። «ና ጥብስህን ውሰድ። ጎማ ጎማ ይላል።»

ገባሁ። በጠረጴዛው ላይ አሥራ ሰባት ትሪዎች ከምድጃው ወጥተው ተደርድረዋል፤ ቫሶ እየዞረች አንድ በአንድ ታሸታቸዋለች። የእኔው ብቻውን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፎይሉ ተገልጧል። መብራቱ ከሥሩ በዘይትና በውሃ ተከቧል፣ መስታወቱ ላይ ኦሬጋኖ የሚባለው የጥብስ ቅመም ተነስንሷል፣ አንዱ የማሰሪያ እግሩ እንደ ጥንቸል ጆሮ ወደ ታች ወርዷል።

«ዘይቱን አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

«ደረቅ ትሪ ከእኔ ምድጃ አይወጣም። ጫፉን ገለጥ አድርጌ ጭልፋ ውሃ፣ ትንሽ ዘይት፣ ኦሬጋኖ። ለሁሉም የማደርገው ነው። ይሄ ምንድነው ፔሪክሊስ?»

«የአባዬ መኪና መብራት ነው።»

አባቴ በየዓመቱ ከመንደር ለውዝ ያመጣላት ነበር። መብራቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መብራቱን አየች።

«ሎሚ ላምጣልህ?» አለች።

መልስ ሳትጠብቅ በሩንና መስኮቱን ከፈተች። አፉ አካባቢ በመሆኑ ጭሱ ወደ ውጭ ስለተሳበ የአሥራ ሰባቱ ቤተሰብ ምሳ ተረፈ። ይህንን ነገረችኝና፣ «ለአንድ ወር እዚህ ደጅ እንዳላይህ። ዳቦ ሲያምርህ እናትህን ላክ» አለችኝ። ትሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ግን ራሷ አስያዘችኝ፤ እጄ እንዳይቃጠል።

ትኩስ ትሪ ተሸክሜ ከተማውን አቋርጬ ሮጥኩ። በመንገድ ያገኙኝ ሁለት ተማሪዎቼ፣ «መልካም ምግብ መምህር» አሉኝ።

ማስቶራ ስቴርጊዮስ ፎይሉን ገልጠው ጎንበስ አሉ። መተንፈስ የለመደው አፍንጫቸው በዚህ ጊዜ ሳበ።

«ኦሬጋኖ ነው?»

«አዎ።»

«ቫሶ ጋ ነው የወሰድከው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ልነግርህ የነበረው ብዙ እንዳይሞቅ ነው። እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ። የዳቦ ምድጃማ…» አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጣታቸውን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ዝም በል። ያዝ ይሄን። አሁን ነው የላላው።»

ያን ጊዜ ነው የማስቶራን እጅ ያየሁት። ሰባ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ነው የቀራቸው፤ ቁልፍ ሲፈልጉ ኪሳቸውን ሦስቴ ይዳብሳሉ። ሥራ ላይ ግን ጣቶቻቸው ሌላ ሰው ናቸው። ቀጭን ማንኪያ በሚመስል መሣሪያ ስፌቱን ተከትለው፣ እንደ ልጅ ብርድ ልብስ ቀስ እያደረጉ መስታወቱን ገለጡት። የቆመው ውሃ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከውሃው ጋር አንድ ነገር ተንሸራትቶ ወጣ።

በወረንጦ አነሡት። እንቁላል የሚያክል የስስ ጨርቅ ከረጢት ነው፤ ድሮ ነጭ የነበረ፣ አሁን አመድ የመሰለ። ውስጡ ሩዝ ነው። ሩዙ አብጧል፣ ሻግቷል። አፉ በሰማያዊ ጥብጣብ ታስሯል። ማስቶራ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ጥብጣቡ ላይ የታተመውን እየቆጠሩ አነበቡ።

«ፔሪክሊስ… እና… ማግዳሊኒ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ያንተ ሠርግ ነው?»

«ነበር።»

በእኛ አገር ሠርግ ለእያንዳንዱ እንግዳ በስስ ጨርቅ የታሰረ አምስት ስኳር ለበስ ለውዝ ይሰጣል። በእኔ ሠርግ ያልመጡ እንግዶች ስለነበሩ አርባ ከረጢት ተርፎ ነበር። አባቴ ሳጥኑን ወስዶ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠው። ትዳሩ ስድስት ዓመት ቆየ። ሳጥኑ ምን እንደደረሰበት አስቤም አላውቅ።

«ሩዝ እርጥበት ይስባል፣» አሉ ማስቶራ። «አባትህ ለውዙን አውጥቶ ሩዝ ሞላበትና በአምፖሉ ክዳን በኩል ከኋላ ሰካው። ሲርስ እያወጣ ይቀይረው ነበር መሰለኝ። ይሄኛው ወደ ታች ወደቀበትና ቀረ።» ከረጢቱን በጥንቃቄ አስቀመጡት። «የሩዙ ሰው እርጥበት እንደሚመጣ ያውቃል። ሲመጣ ይቀበለዋል፣ ያስወጣዋል። የሲሊኮኑ ሰው ግን…»

«ማስቶራ፣ ያ መካኒክ…»

«አውቃለሁ። ነፍሱን ይማር ያልኩት ላንተ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ነጭ ነው። የመታጠቢያ ገንዳ ሲሊኮን። መካኒክ ጥቁር ነው የሚገዛው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል የምገልጸው ከተመልካች ቦታ ነው። የተፈቀደልኝ የልብስ መቆንጠጫ ማቀበል ብቻ ነበር። ማስቶራ የእኔን ሲሊኮን ከሁለቱ ቀዳዳዎች በመርፌ ለቅመው አወጡ። የመብራቱን ሥጋ ለብ ባለ ውሃና በሳህን ሳሙና አጠቡ፣ ዘይቱ እስኪለቅ። የሚያበራውን ገጽ ግን አልነኩም፤ በተጣራ ውሃ ብቻ አንዴ አለቀለቁትና ከፖሊክሴኒ በወሰዱት የፀጉር ማድረቂያ በቀዝቃዛው ነፋስ አደረቁት። ሦስተኛው ማድረቂያ ነው፤ ሁለቱን በዚሁ ሥራ ጨርሰውባታል። የተንጠለጠለውን ጆሮ በጋለ ብረት አለስልሰው በምስማር ላይ ጠመዘዙት።

«ይሄ የዘለበት ምላስ ነው፣» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምስማሩ። «ስንቱን ሠርቻለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ። አዲስ ማስቲሽ ዙሪያውን አኖሩ፤ መስታወቱን ገጠሙ፤ በመቆንጠጫዎቹ አሰሩት። እስኪይዝ ስንጠብቅ ከረጢቱን አጥበው በማድረቂያው አደረቁት። ሩዙን ጥለው፣ ከአዲስ ጫማ ሳጥኖች እየለቀሙ በማሰሮ ካጠራቀሟቸው ውሃ የሚመጥጡ ትንንሽ ፍሬዎች ሞሉት። ጥብጣቡን እንደነበረ አሰሩና ዳግም እንዳይወድቅ በክዳኑ ውስጥ በክር ሰፉት።

«ማስቶራ፣ ያ ሠርግ እኮ…»

«ስለ ትዳሩ አልጠየቅኩህም መምህር። ጨርቁ ጥሩ ነው። ደግሞ ባለመኪናው ያስቀመጠውን ዕቃ እኔ አላስቀርም።»

ምርመራው ቦታ ስደርስ ለስምንት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። መርማሪዋ ያቺው ነበረች። አበራሁ። ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀኙና ግራው እኩል። ወደ ግራው ተጠግታ አየች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«ምሳ ሰዓት ስለሆነ ነው ወይስ እውነት ድንች በኦሬጋኖ ይሸተኛል?»

«ምሳ ሰዓት ስለሆነ ነው፣» አልኩ።

ማኅተሙን መታችው።

እሑድ ጠዋት እናቴን ይዤ ወደ መንደሩ ወጣን። ኮሊቫውን፣ በስኳርና በሮማን ፍሬ ያጌጠውን የሙታን ንፍሮ፣ በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ፣ ወደ መንገዱ እያየች፣

«ጥብሱ እንዴት ሆነ?» አለች።

ቫሶ ቅዳሜ ማታውኑ ደውላላት ነበር። ስለ ከረጢቱ ግን ቫሶ አታውቅም፤ እሱን እኔ ነገርኳት። ዞር ብዬ ሳያት ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ አለቀሰች ብዬ መኪናውን ዳር ላቆም ስል ለካ እየሳቀች ነው።

«አንድ ሳጥን ሙሉ ነበር እኮ፣» አለች። «ማግዳሊኒ የሄደች ሰሞን ልጣለው ብለው እምቢ አለ። ልጁ ብዙ ለፍቶበታል፣ ከአርባው አንዱ እንኳ ሥራ ይሥራ አለኝ።» ዓይኗን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች። «አባትህ በየወሩ ነበር የሚቀይረው። አልነገረህም?»

«አልጠየቅኩትም።»

ጸሎቱ ተደርጎ፣ ኮሊቫው ታድሎ፣ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጉሙ እስከ ሸለቆው ድረስ ወርዶ ነበር። ኖንዳስ አስቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር በመንገድ ደረስንበት። ዳር ይዞ ቆሟል። የአዲሱ መኪናው ነጭ ብርሃን ጉሙ ላይ እየተመለሰ ዓይኑን አጥፍቶበታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ቅደም» አለኝ። በዕድሜዬ ከኖንዳስ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት ነው። በአባቴ መኪና ዝቅ ባለ ቢጫ ብርሃን የመንገዱን ጠርዝ እያየሁ፣ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ እስከ ያኒና መራሁት። ከግራው በኩል ሠርጌ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ቤት ስንደርስ ኖንዳስ መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ማነው የሠራው?»

«እኔና ማስቶራ ስቴርጊዮስ…» ብዬ ልጀምር ስል እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ከኋላ መጣች።

«ፔሪክሊስ ጋገረው፣» አለች። «ማስቶራ ናቸው ያወጡት።»

ኖንዳስ ሌላ አልጠየቀም። ስለ ቁርጥራጭ ብረት ሰዎችም ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሣም።

ሰኞ ጠዋት ከኮሊቫው በሳህን ይዤ ማስቶራ ስቴርጊዮስ ሱቅ ሄድኩ። መኪናዋን በር ላይ አቆምኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጎንበስ አሉና በግራው መብራት ላይ ተነፈሱ። የውጭው ጉም ሄደ። ከሥሩ፣ በታችኛው ጥግ፣ አውራ ጣት የምታህል ጉም ቀርታለች። መብራቱን ልነካ እጄን ሰነዘርኩ።

«ጠብቅ፣» አሉ።

መብራቱን አብርተን ጠበቅን። ጉሟ ቀስ እያለች ሳሳች፣ ጠበበች፣ ጠፋች።

«ተነፈሰ፣» አሉ ማስቶራ።

ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ሳህኑን ተቀበሉኝ። አማተቡና አንድ ማንኪያ በሉ። «ይሄ ለአባትህ። የሩዙ ሰው። ነፍሱን ይማር።» ቀስ ብለው አኘኩት። ሁለተኛ ማንኪያ ሞልተው ወደ እኔ አዩ።

«ይሄ ደግሞ ለመካኒኩ ነው፣» አሉ። «ነፍሱን ይማር፤ ዳግም እንዳይነሣ።»